ኦንላይን ፊርማ ማሰባሰቢያ ሳይቶች፦ ተጠቅመን ያየነውን ልንገራችሁ

ነጥቡን ቀድሜ ልስጥና ምክንያቱን ከዛ ላስረዳ፣ ከአምስት ኮከብ ሦስት ነው የምሰጠው። ሦስቱ ይገባዋል፣ የጎደሉት ሁለቱ ደሞ ቀላል አይደሉም። የማወራው ስለ ኦንላይን ፔቲሽን ሳይቶች ነው፣ ማለትም ፔጅ ከፍታችሁ ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ሊንኩን ለሰው እየላካችሁ ፊርማ የምትሰበስቡባቸው ነፃ ሰርቪሶች። እኛ የወላጆች ግሩፕ ነን፣ ከልጆቻችን ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት መኪና እንዳሻው የሚበርበት መንገድ አለ፣ ዜብራ ይቀባልን፣ ፍጥነት መቀነሻ ይሠራልን ብለን ነው የተነሳነው። የተጠቀምነውን ሳይት ስም አልጠራም፣ ሌሎቹንም ገብቼ አይቻቸዋለሁ፣ አሠራራቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነው፣ ችግሩም የአንድ ድርጅት ብቻ አይደለም።

ይሄን የምጽፍበት ምክንያት ብዙ ሰው የሆነ ነገር ሲያንገበግበው መጀመሪያ የሚያደርገው ፔቲሽን መክፈት ስለሆነ ነው፣ ከዛ ቁጥሩ ሲጨምር ይደሰታል፣ ከዛ ቁጥሩ ይቆማል፣ ከዛ ምንም ሳይፈጠር ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል፣ ሰዉም "ፊርማ ምን ይሠራል" ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ፊርማ ግን ይሠራል፣ በታሪክም ብዙ ነገር የተለወጠው በፊርማ ተጀምሮ ነው፣ ጥያቄው ሳይቱ ፊርማውን ካገኘ በኋላ ከፈረሙት ሰዎች ጋር ያገናኛችኋል ወይስ አያገናኛችሁም የሚለው ነው። ለኔ የዚህ ሰርቪስ ዋና መለኪያ ይሄ ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን። አከፋፈቱ በጣም ቀላል ነው። ስልክ ላይ ሆናችሁ ርዕስ ትጽፋላችሁ፣ ዝርዝሩን ትጽፋላችሁ፣ አንድ ፎቶ፣ አለቀ። ዌብሳይት የሚሠራ ሰው ፍለጋ የለም፣ ድርጅት ሆናችሁ መመዝገብ የለም። ድሮ እኮ እንዲህ አይነት ነገር ለመጀመር ወይ ስም ያለው ሰው ወይ አቅም ያለው ማህበር ከኋላ መኖር ነበረበት፣ አሁን አንዲት እናት ልጇን አስተኝታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ዘመቻ መክፈት ትችላለች፣ የኛንም የከፈተችው አንዷ እናት ናት እንደዛው አርጋ።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ግን "ጥያቄው ለማን ነው?" የምትለዋን ሳጥን ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግሩፑን ያናወጠችው ግን እሷ ናት። አንዱ ለከንቲባው እንጻፍ አለ፣ አንዷ ለትምህርት ቤቱ፣ ሌላው ለትራፊክ ፖሊስ፣ አንዱ ደሞ ለሁሉም እንላክ አለ፣ ለሁሉም የተላከ ደብዳቤ ደሞ ማንም መልስ የማይሰጠው ደብዳቤ ነው። ተከራክረን ተከራክረን መጨረሻ ላይ አንዱ አባት ሄዶ ሲጠይቅ ዜብራ መቀባት የአንድ ቢሮ ሥራ ሆኖ ፍጥነት መቀነሻ ማሠራት ግን ሌላ ክፍል የሚፈቅደው እንደሆነ አወቅን፣ ስለዚህ ጥያቄውን ለሁለት ከፈልነው፣ ለእያንዳንዱም የሚወስነው ኃላፊ ማን እንደሆነ ጻፍን። ሕዝብ ማደራጀት ላይ የቆዩ ሰዎች ሁሌ የሚሉት ነገር ነው ይሄ፣ "የምትፈልጉትን ሊሰጣችሁ የሚችለው ሰው ማነው?" ሳይቱ ይሄን ጥያቄ አስገድዶ ስለሚያስመልሳችሁ ብቻ አንድ ሙሉ ኮከብ ይገባዋል። ባዶውን ወይ በደፈናው "ለመንግሥት" ብላችሁ አትለፉት።

አሁን ወደ ቆጣሪው። ፔጁ ላይ ፊርማው ሲጨምር የሚታይ መስመር አለ፣ ይሄን ያህል ሰው ፈርሟል፣ ቀጣዩ ግብ ይሄን ያህል ይላል፣ ግቡ ላይ ስትደርሱ እሱ ራሱ ግቡን ከፍ ያደርገዋል። መጀመሪያ ሞራል ይሰጣል አልዋሽም፣ ሰው ሲያይ እሱም ይፈርማል። በጣም ፈጥኖ ነው የጨመረልን፣ ሼር ተደርጎ ተደርጎ የማናውቃቸው ሰዎች ጋር ደረሰ፣ ከሌላ አገር ሁሉ የፈረሙ አሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ይዘነው ቢሮ ስንሄድ ያነጋገረን ኃላፊ አንድ ጥያቄ ነው የጠየቀን፣ ከነዚህ ውስጥ በዛ መንገድ የሚሻገረው ስንቱ ነው? ተገቢ ጥያቄ ነው፣ እሱ ቦታ ብሆን እኔም እሱን ነበር የምጠይቀው። ሳይቱ ግን ሊመልስልን አልቻለም። ዳውንሎድ ያደረግነው ዝርዝር ላይ ስም አለ፣ አገር አለ፣ ለተወሰኑት ከተማ አለ፣ ከዛ ውጪ ምንም። የአካባቢው ነዋሪ ማን እንደሆነ፣ ልጁ እዛ ትምህርት ቤት የሚማር ማን እንደሆነ መለየት አይቻልም።

የቁጥር ነገር ሲነሳ ሁሌ ትዝ የሚለኝ የእንግሊዞቹ ነው። በ2019 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ብሪታንያ ከአውሮፓ ህብረት መውጣቷን ትሰርዝ የሚለው ፔቲሽን ፓርላማው ራሱ በሚያስተዳድረው ሳይት ላይ ከ6 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አገኘ፣ ከጭነቱ የተነሳ ሳይቱ ሁሉ ወድቆ ነበር፣ የመንግሥት መልስ ግን አንሰርዝም የሚል ነበር፣ ፓርላማም ላይ ተወራበት፣ በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 አገሪቱ ወጣች። 6 ሚሊዮን ሰው ማለት እኮ ቀላል አይደለም። ግን አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው ከስክሪናቸው ጋር ነበሩ፣ ፈርመው ሲጨርሱ እርስ በርስ የሚገናኙበት ነገር አልነበረም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፣ ግን ማበር አለበት፣ ክሩን ለየብቻ ቆጥሮ ማስቀመጥ ማበር አይደለም።

ታዲያ ሰው በቁጥር ብቻ ተሸንፎ ቀረ እንዳትሉ የዛኑ አገር ቻርቲስቶችን ተመልከቱ። ሠራተኛው ሕዝብ የመምረጥ መብት ይኑረው፣ ድምፅ በሚስጥር ይሰጥ፣ የፓርላማ አባል ደሞዝ ይከፈለው የሚሉ ስድስት ጥያቄዎች ይዘው በ1842 ከ3.3 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ፓርላማ አስገቡ፣ ያኔ ስልክ የለም ኢንተርኔት የለም፣ ወረቀት ተሸክሞ በየፋብሪካው በየመንደሩ እየዞሩ ነው፣ ፓርላማው 287 ለ49 በሆነ ድምፅ አንሰማም አለ። ግን እነዛ ሰዎች በየከተማው ማህበር ነበራቸው፣ ጋዜጣ ነበራቸው፣ የሚሰበሰቡበት አዳራሽ ነበራቸው፣ ስለዚህ ጥያቄው ከወረቀቱ ጋር አብሮ አልሞተም። በሚስጥር ድምፅ መስጠት በ1872 ሕግ ሆነ፣ የአባላት ደሞዝ በ1911 መጣ፣ በ1918 ደሞ ከስድስቱ አምስቱ በተግባር ላይ ውለው ነበር። ረጅም ነው፣ ፈራሚዎቹ አብዛኞቹ አላዩትም፣ ይሄ ያሳዝነኛል ሁሌም።

ለኔ ግን የዚህ ሁሉ ምርጥ ምሳሌ የኒውዚላንድ ሴቶች ናቸው፣ ስለነሱ ትንሽ ልቆይ። ኬት ሼፐርድ የሚሏት ሴትና ጓደኞቿ ሴቶች የመምረጥ መብት ይኑራቸው ብለው በ1891 ፊርማ አሰባሰቡ፣ ከ9,000 በላይ አገኙ፣ አልተሳካም። በ1892 እንደገና ዞሩ፣ ወደ 20,000 የሚጠጋ፣ አሁንም አልተሳካም። በ1893 ለሦስተኛ ጊዜ ዞሩና በጠቅላላው ወደ 32,000 የሚጠጋ ፊርማ መጣ፣ የአውሮፓ ዘር ካላቸው የአገሪቱ አዋቂ ሴቶች ውስጥ ሩብ ገደማ ማለት ነው። ዋናውን ፔቲሽን ኬት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አጣብቃ በመጥረጊያ እንጨት ላይ ጠቀለለችው፣ ርዝመቱ 270 ሜትር ገደማ ነበር፣ ፓርላማ ውስጥ ጆን ሆል የሚባል ደጋፊያቸው የነበረ የምክር ቤት አባል ወለሉ ላይ ዘረጋው። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1893 ሕጉ ጸደቀ።

ቁጥሩ በየዓመቱ እንዴት እንዳደገ አያችሁ? ሊንክ ስለተበተነ አይደለም ያደገው፣ በር አንኳኩተው ሻይ ቤት ይሁን እርሻ ይሁን ገብተው ሴትየዋን አነጋግረው ነው የሚያስፈርሟት፣ ያላሳመኗትን በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው ያነጋግሯታል፣ የፈረመችው ደሞ እህቷን ታመጣለች። ከሁሉ የሚገርመኝ ከሕጉ በኋላ የሆነው ነው። ምርጫው የቀረው ጥቂት ሳምንት ነበር፣ በዛች አጭር ጊዜ ከ109,000 በላይ ሴቶች ተመዘገቡ፣ ኖቬምበር 28 ቀን ደሞ ከ90,000 በላይ ሴቶች ድምፅ ሰጡ። ሦስት ዓመት ሙሉ በር እያንኳኳ የተሠራው ሥራ መሬት ላይ ባይኖር ይሄ አይሆንም ነበር። ኦንላይን ፔቲሽን ስትከፍቱ ራሳችሁን የምትጠይቁት ጥያቄ ይሄ መሆን አለበት፣ ነገ ጥያቄያችን ቢሳካ ወይም ባይሳካ እነዚህን ፈራሚዎች ጠርተን አንድ ነገር አብረን መሥራት እንችላለን ወይ?

እዚህ ላይ ነው አንዱን ኮከብ የቀነስኩት። የተጠቀምንበት ሳይት የፈራሚውን ኢሜይል ለኛ አይሰጥም። "አፕዴት" የሚባል ነገር አለ፣ በሱ በኩል አንድ መልእክት ለሁሉም መላክ ትችላላችሁ፣ ግን ማን እንዳነበበው በቅጡ አታውቁም፣ መልስ ቢመልሱም አይደርሳችሁም፣ ለአካባቢው ሰው ብቻ ለይቶ መላክ አይቻልም። የሳይቱ ባለቤቶች ግን ኢሜይሉ አላቸው፣ የፈረመው ሰው ከኛ ምንም ሳይሰማ ከነሱ ስለ ሌላ አስር ጉዳይ ኢሜይል ይደርሰዋል። አንድ ጎረቤታችን ስለ ዜብራ ፈርማ ስለማታውቀው አገር ወንዝ ኢሜይል እየመጣላት ተናዳ አንሰብስክራይብ አረገች፣ ከዛ በኋላ የኛም አፕዴት አይደርሳትም ማለት ነው።

የፈራሚውን ሚስጥር ለመጠበቅ ነው ይላሉ፣ ግማሹ እውነት ነው፣ የማንም ሰው ኢሜይል ፔቲሽን ለከፈተ ሰው ሁሉ ይሰጥ አልልም። ግን "አስተባባሪዎቹ እንዲያገኙኝ ፈቅጃለሁ" የሚል አንድ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ቢኖር የፈለገ ይፈቅዳል ያልፈለገ ይተወዋል። ለአደራጆች ተብለው የተሠሩ ሰርቪሶች ላይ አለ እኮ፣ ለምሳሌ አክሽን ኔትወርክ የሚባለው ዝርዝሩ የአዘጋጁ ግሩፕ ነው ብሎ ነው የሚሠራው፣ ስትፈልጉ ኤክስፖርት አድርጋችሁ ትወስዱታላችሁ። ለመልመድ ትንሽ ይከብዳል፣ አዲስ ሰው ዝም ብሎ የሚያገኘውም አይነት አይደለም፣ ሰው ራሳችሁ ናችሁ የምታመጡት። ግን የመጣው ሰው የናንተ ነው።

ይሄ ዝርዝር ለምን እንዲህ ያንገበግበኛል ካላችሁ አሜሪካ ውስጥ በሞንትጎመሪ ከተማ የተደረገውን የአውቶቡስ አድማ አንብቡ። ሁሉም ሰው ሮዛ ፓርክስን ያውቃል፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1955 አውቶቡስ ውስጥ ለነጭ ተሳፋሪ ከወንበሬ አልነሳም ብላ ታሰረች። የዛን ሌሊት ግን ጆ አን ሮቢንሰን የሚሏት የኮሌጅ መምህርት ኮሌጇ ገብታ በማባዣ ማሽን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት ስታባዛ አደረች፣ ሰኞ አውቶቡስ አትሳፈሩ የሚል፣ በነጋታው ወረቀቱ ከተማውን አዳረሰ። እንዴት በአንድ ቀን? የሴቶች ፖለቲካ ምክር ቤት የሚባል ማህበር ነበራቸው፣ ከ1946 ጀምሮ የተቋቋመ፣ አባላቱ ማን የት ሰፈር እንዳለ ያውቃሉ፣ ማን የት እንደሚያድል ቀድመው ያስቡበት ነበር፣ ሮቢንሰን እንደውም በሜይ 1954 ለከንቲባው አድማ ሊመጣ እንደሚችል በደብዳቤ አስጠንቅቃው ነበር። ሰኞ ዕለት አውቶቡሶቹ ባዷቸውን ዋሉ፣ አድማው 381 ቀን ቆየ፣ ያን ሁሉ ጊዜ መኪና ያለው መኪና የሌለውን እያመላለሰ፣ ማን ከየት ማንን እንደሚያነሳ ፕሮግራም ወጥቶለት፣ ፍርድ ቤትም ክስ እየተካሄደ፣ መጨረሻ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአውቶቡስ ላይ ሰውን በዘር መለያየት ሕገ ወጥ ነው አለ። ስልክ ቁጥርና አድራሻ የያዘች ደብተር የነበራት ማህበር ባትኖር ወረቀቱ ማሽኑ ላይ ተከምሮ ይቀር ነበር። አሁን ያሉት ሳይቶች ማሽኑን ይሰጡናል፣ ደብተሩን ግን እነሱ ይዘው ያስቀሩታል።

የገንዘብ ጉዳይ ደሞ አለ፣ ሁለተኛውን ኮከብ የቀነስኩት በሱ ነው። ፈርማችሁ ስትጨርሱ ወዲያው "ይሄን ያህል ብታዋጡ ፔቲሽኑ ለተጨማሪ ሰው ይደርሳል" የሚል ገጽ ይመጣል። ብዙ ሰው ያዋጣው ለጉዳዩ ባለቤት የሚደርስ ይመስለዋል፣ የሚሄደው ግን ለሳይቱ ነው ፔቲሽኑን ለማስተዋወቅ። በ2020 በቼንጅ ዶት ኦርግ ላይ አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ ለገደለው ለጆርጅ ፍሎይድ ፍትህ የሚለው ፔቲሽን 19 ሚሊዮን አካባቢ ፊርማ ሲያገኝ ይሄው ነገር ትልቅ ክርክር አስነስቶ ነበር፣ ሰው ለቤተሰቡ የሰጠ መስሎት ስለነበር። እኛም ጋ አንዲት አያት ለዜብራው ቀለም መግዣ ነው ብላ ልትከፍል ስትል ነው የደረስንባት። ሰርቪሱ ነፃ ስለሆነ የሆነ ቦታ ገቢ ያስፈልገዋል ይገባኛል፣ ግን ብሩ የት እንደሚሄድ በትልቁ በግልጽ ቋንቋ እዛው ይጻፍ፣ ሌላ አልጠየቅንም። እስከዛው ሊንኩን ስትልኩ "ፈርሙ እንጂ ብር አትክፈሉ" የምትል አንድ መስመር ጨምሩበት።

ስለ ውሸት ፊርማ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ማጣራቱ ከሳይት ሳይት ይለያያል፣ አንዳንዱ ኢሜይል ቨሪፋይ ካላደረጋችሁ አይቆጥርም፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ይቆጥራል። ይሄ አዲስ ችግር አይደለም፣ ቻርቲስቶቹ ራሳቸው በ1848 ባስገቡት ሦስተኛ ፔቲሽን ከ5 ሚሊዮን በላይ አለን ብለው የምክር ቤቱ ጸሐፊዎች ሲቆጥሩት 2 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም፣ ውስጡ "ንግሥት ቪክቶሪያ" ብሎ የፈረመ ሁሉ ተገኘ፣ ሥራቸውን ሁሉ መሳቂያ አደረገባቸው። በ2016 ደሞ እንግሊዝ ውስጥ የአውሮፓ ህብረት ሪፈረንደም ይደገም የሚለው ፔቲሽን ላይ 77,000 ያህል ፊርማ የውሸት ነው ተብሎ ወጥቷል። አንድ የውሸት ስም መቶ እውነተኛ ስም ላይ ጥርጣሬ ይጥላል፣ ስለዚህ የማያጣራ ሳይት ቁጥሩ ቢያምርም አትጠቀሙበት።

የፈራሚው ደህንነት ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ፊርማ የሰው አቋም ነው። የአውሮፓ የዳታ ጥበቃ ሕግ ከ2018 ጀምሮ የሰውን የፖለቲካ አመለካከት ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልገው መረጃ ጋር የመደበው ያለምክንያት አይደለም፣ ስሙ በአደባባይ ስለወጣ ከሥራው የሚባረር ወይ ከቤቱ የሚወሰድ ሰው ያለበት ዓለም ላይ ነን። ለዜብራ ማንም አያስርም፣ ግን ጉዳያችሁ ኃይለኛ ሰው የሚነካ ከሆነ ስም የሚደበቅበት አማራጭ መኖሩን፣ ስም በጉግል ሲፈለግ ፔቲሽኑ መውጣት አለመውጣቱን፣ ፔጁ ሲዘጋ ዳታው መጥፋት አለመጥፋቱን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ሰው አምኗችሁ ነው የሚፈርመው።

አገራቸው መንግሥታዊ የፔቲሽን ሳይት ያላቸው ሰዎች ከግል ሳይት በፊት እሱን እንዲያዩ እመክራለሁ። የብሪታንያ ፓርላማው ለምሳሌ 10,000 ፊርማ ሲሞላ መንግሥት መልስ ይሰጣል፣ 100,000 ሲሞላ ፓርላማ ውስጥ ለክርክር ይታያል፣ ፈራሚው የፖስታ ኮድ ስለሚያስገባ ደሞ ከየትኛው የምርጫ ክልል ስንት ሰው እንደፈረመ በካርታ ይታያል። ለኛ ያ ኃላፊ የጠየቀውን ጥያቄ እኮ ቀጥታ ይመልሳል! የአውሮፓ ህብረቱ ደሞ ቢያንስ ከ7 አገር 1 ሚሊዮን ፊርማ ይፈልጋል፣ ከባድ ነው፣ ግን ውሃ መብት ነው ብለው መጀመሪያ ያን ግብ የመቱት ሰዎች ጥያቄ በ2020 በተሻሻለው የመጠጥ ውሃ መመሪያ ላይ አሻራው አለ። የአሜሪካው ዋይት ሃውስ በ2011 የከፈተው አሁን የለም፣ ግን አንድ ጥሩ ነገር ወጥቶበታል፣ በ2013 ሰው የገዛውን ስልክ ለሌላ ኔትወርክ አንሎክ ማድረግ ይፈቀድለት የሚል ፔቲሽን ከ114,000 በላይ ፊርማ አገኘ፣ ዋይት ሃውስ ተስማማ፣ የከፈተው ሰው ግን በዛ አልተኛም፣ ጉዳዩን እየተከታተለ ቆየ፣ ኦገስት 1 ቀን 2014 ሕግ ሆኖ ተፈረመ።

የግል ሳይቶቹ ቶሎ የሚያሸንፉበት ሁኔታም አለ፣ እሱን ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። የሚወስነው አንድ አካል ሲሆን፣ ያ አካል ደሞ ደንበኛ ማጣት ሲፈራ። በ2011 ባንክ ኦፍ አሜሪካ በዴቢት ካርድ ላይ በወር 5 ዶላር አስከፍላለሁ ሲል አንዲት ወጣት ፔቲሽን ከፈተች፣ ከ300,000 በላይ ሰው ፈረመ፣ ባንኩ ኖቬምበር 1 ቀን ሐሳቡን ተወው። ግን ልብ በሉ፣ ያኔ ሰው አካውንቱን እየዘጋ ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ቀን ቀጥሮ ነበር፣ ፊርማው ጀርባ የሚታይ ርምጃ ነበረው።

እኛ ጋ የሆነው ምንድነው፣ ከቢሮው ከወጣን በኋላ ሊንኩን እንዳለ ትተን በወረቀት ዞርን። ስም፣ የቤቱ አካባቢ፣ ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ፣ ስልክ፣ ፊርማ፣ ስልኩ ለምን እንደሚፈለግ ላይኛው መስመር ላይ ተጽፎ፣ መስጠት ያልፈለገ ባዶ ይተወዋል። ጠዋት ልጅ ሲያደርሱ ማታ ሲወስዱ በር ላይ እየቆምን፣ ቅዳሜ ደሞ ቤት ለቤት። ቁጥሩ ከኦንላይኑ በጣም ያነሰ ነው፣ ግን ስንደውል ያነሳሉ። በር ላይ ቆሞ አንድን ሰው ማስፈረም ጊዜ ይወስዳል፣ ጊዜ የሚወስደውም ሰውየው ስለሚያወራችሁ ነው፣ አንዱ የልጁን እግር መኪና እንደመታው ነገረን፣ አንዷ ጡረታ የወጣች የመንገድ መሃንዲስ ሆና ተገኘች፣ ጥያቄያችን ላይ የመንገዱን ስፋትና የት ጋ ቢቀባ እይታ እንደማይጋረድ ጨምራ ጻፈችልን። ይሄን የትኛው ቆጣሪ ይነግራችኋል? ሁለተኛ ስንሄድ የአካባቢውን ሰው ዝርዝር ይዘን፣ ደውለን የጠራናቸው ሰዎች ኮሪደሩን ሞልተውት፣ መሃንዲሷ ፊት ለፊት ሆና ነው። ባለሙያ መጥቶ አየ፣ ዜብራው ተቀባ። ፍጥነት መቀነሻው ገና ነው፣ እየተከታተልን ነው።

ኦንላይኑ ዋጋ አልነበረውም ማለት አይደለም ይሄ። ጋዜጠኛ ያየው በሱ ነው፣ ሌላ ትምህርት ቤት ያሉ ወላጆች ያገኙን በሱ ነው፣ በወረቀት ስንዞር "አይቼዋለሁ እኮ ያንን" የሚለን ሰው ብዙ ነበር፣ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ጉዳያችሁ ሰፊ ከሆነ፣ የሚወስነውም ስሙ እንዳይጠፋ የሚፈራ ከሆነ በደንብ ይሠራላችኋል። ጉዳያችሁ የአንድ መንገድ፣ የአንድ ሆስፒታል፣ የአንድ ቀጣሪ ከሆነ ግን ሊንኩ ከወረቀቱና ከስልክ ቁጥሩ ጋር አብሮ ይሂድ፣ ለብቻው አይሂድ። ፔጁን ከመክፈታችሁ በፊት የራሳችሁን ፎርም አዘጋጁ፣ ጉግል ፎርም ይበቃል፣ የፔቲሽኑ ጽሑፍ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ሊንኩን አስገቡት፣ "አብሮን መሥራት የሚፈልግ እዚህ ይመዝገብ" ብላችሁ። ከታች ብትከቱት ማንም አይደርስበትም፣ ሰው ፈርሞ ነው የሚወጣው። ፎርሙንም የሚያየው ሰው ከሁለት ከሦስት አይብለጥ፣ የሰው ስልክ ነው ያለው እዛ ላይ።

ለሳይቱ ሰዎችም ስለዛች የፈቃድ ሳጥን ጽፌላቸዋለሁ፣ ሐሳቡን ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈናል የሚል መልስ ልከውልኛል። እናንተም የምትጠቀሙበት ሳይት ላይ ከሌለ ጻፉላቸው፣ የእርዳታ ገጻቸው ላይ "ፊድባክ" የሚል ቦታ አለ። ሳጥኗ የገባች ቀን አራተኛውን ኮከብ እጨምራለሁ፣ አምስተኛው ብሩ የት እንደሚሄድ በግልጽ ሲጽፉ ነው።